ባለቅኔው ምን በልቶ ያድራል? ከይፋግ ገበያ እስከ ጉና ግርጌ

ይፋግ ዛሬ ከአዲስ ዘመን አጠገብ ያለች ትንሽ የሊቦ ከምከም ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን በበጌምድር ስማቸው ከሚጠራ ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከሰሜን የወረደ አሞሌ ጨው፣ ከፎገራ ሜዳ የመጣ ከብትና እህል፣ ከደጋው የተጫነ ገብስ እዚያ ይገናኝ ነበር። ቀራጩም ኬላውን ይዞ ይጠብቃል። በዘመኑ ያለፉ የውጭ ተጓዦች የገበያውን ስፋት፣ የነጋዴውን ብዛት፣ የአካባቢውን የወይን ተክል ሳይቀር ጽፈዋል። በዚያው ገበያ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከአህዮቹ መካከል እየተሹለከለከ የሚያልፈውን የቅኔ ተማሪ ግን ብዙም ልብ አላሉትም። የሚሸጠው ነገር አልነበረውም፤ የሚገዛበትም እንዲሁ።

የኢትዮጵያን ሥነ ግጥም ታሪክ ስንጽፍ እኛም የምናደርገው ከዚያ አይርቅም። ታላላቆቹን ባለቅኔዎች በስም እንጠራለን፣ ሰምና ወርቅ እንፈታለን፣ እናደንቃለን። ባለቅኔው የት አደረ፣ ማን አበላው፣ ማን አደመጠው ብለን የምንጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። መልሱን ለሚፈልግ ሰው ከይፋግ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል እስከ ጋይንት የሚዘልቀው ደጋ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚህ አገር ግጥም ለዘመናት የኖረው የሚያበላ መንደርና የሚያዳምጥ ጉባኤ ስለነበረው ነው። ሁለቱ በጸኑበት ዘመን ባለቅኔው በዝቷል፤ አንዱ በተናጋበት ዘመን ተሰድዷል።

የመምህራኑ አገር

ይህ ደጋ ያለበት ደቡብ ጎንደር በአብነት ትምህርት ውስጥ የያዘው ቦታ ከቆዳ ስፋቱ ይበልጣል። ድጓ የተማረ ሰው የሚያስመሰክረው ጋይንት ውስጥ ባለችው ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም እዚያው ጋይንት ነው። ደብረ ታቦር ኢየሱስ ደግሞ የተክሌ አቋቋም ቤት ነው። በቅኔ በኩል የሚጠሩት ታላላቅ ቤቶች ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ ናቸው። ሊቃውንቱ የቅኔን ጅማሬ ሲተርኩ አንዳንዶቹ የገብላውን ዮሐንስን፣ ሌሎቹ የጎንጁን ተዋናይን ያስቀድማሉ። ጎንጅና ዋሸራ ከዓባይ ማዶ በጎጃም፣ ዋድላ ከጋይንት በስተምሥራቅ ስለሆኑ የበጌምድር ደጋ በመካከል ቀርቷል። ከዋሸራ ተነስቶ የዋድላን መንገድ ለማየት የሚሻገር ተማሪ፣ ቅኔውን ጨርሶ ለድጓ ወደ ቤተልሔም የሚወጣም፣ እግሩ የሚረግጠው ይህንኑ አገር ነው።

የተማሪው መንገድ ደግሞ ከነጋዴው የተለየ አልነበረም። ገበያ ባለበት እህል አለ፤ እህል ባለበት ቁራሽ አይታጣም። የየጁው ራስ ጉግሣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደብረ ታቦርን መቀመጫው ካደረገ በኋላ የመሳፍንቱ ግብርና የሠራዊቱ ሰፈር ተጨመረበት። ከእሱ በኋላ ራስ ዐሊ፣ ቀጥሎ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከዚያም ዐፄ ዮሐንስ በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ተቀምጠዋል። ቤተ መንግሥት ባለበት አዳራሽ አለ፤ በአዳራሹም ቅኔ ለመስማት ጆሮ ያለው ጌታ አይጠፋም። በኋላ ዘመን በደብረ ታቦር ተቀምጦ በጌምድርን የገዛው ራስ ጉግሣ ወሌ፣ መጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት እስኪወድቅ ድረስ፣ ለሊቃውንትና ለቅኔ በነበረው ፍቅር ይነሳል።

የቅኔ ቤት ውሎ

ቅኔ ቤት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ያለ የመምህሩ ቤት፣ በዙሪያውም ተማሪዎቹ ራሳቸው በጭራሮና በሣር የቀለሷቸው ጎጆዎች ናቸው። በአንዷ ጎጆ ሁለትም ሦስትም ሆነው ያድራሉ፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገባባትም። የተማሪው ንብረት የሚለብሰው ደበሎ፣ የሚያነግተው አኩፋዳ፣ የሚጠጣበት ቅልና ውሻ የሚከላከልበት ዱላ ነው። ስሙንም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከአገሩ ነው፦ ጋይንቴው፣ ጎጃሜው፣ ላስቴው ይባላል። ከአገሩ ርቆ መማሩም ምክንያት አለው። በተወለደበት ሰፈር አኩፋዳ ይዞ መዞር ያሳፍራል፤ እረኛ ያጣ አባትም መጥቶ ይወስደዋል።

ጀማሪው በመጀመሪያ የግዕዙን ግሥ ከነርባታው፣ አገባቡንም ከነዝርዝሩ ይይዛል። ከዚያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፣ ማለትም በቃሉ ያወጣል። ጉባኤ ቃና ሲቀናው ሦስት ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ፣ ቀጥሎ አምስት ቤት ወዳለው ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ሥላሴ፣ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ዕጣነ ሞገር ሰባት ወይም ዐሥራ አንድ ቤት አለው፤ ክብር ይእቲ አራት። እያንዳንዱ የራሱ ዜማ ልክ አለው፤ ቤት መምታት አለበት፤ ምሥጢር መያዝ አለበት። ሁሉን መቁጠር የቻለ ተማሪ ሙሉ ቤት ሆነ ይባልለታል። እዚያ ለመድረስ ለአንዱ ሁለት ዓመት፣ ለሌላው አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል።

ቆጠራ ብቸኝነትን ይፈልጋል። ተማሪው ከጠዋቱ ጀምሮ ወደ ጫካው፣ ወደ ወንዙ ዳር ወይም ወደ መቃብሩ ቦታ ይበተናል። ደበሎውን እስከ ዐናቱ ተከናንቦ፣ በጣቱ ቤቱን እየለካ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቀመጣል። ብራና የለ፣ ወረቀት የለ፤ የሚሠራው ሁሉ በጭንቅላቱ ነው። ሰላም ብሎት መልስ ያጣ መንገደኛ እየቆጠረ ነው ብሎ ያልፈዋል እንጂ አይቀየመውም።

ቀጥሎ ነገራ ነው። ተማሪው የቆጠረውን በቃሉ መጀመሪያ ለአስነጋሪው፣ ማለትም ከእሱ ለቀደመው ተማሪ፣ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል። የኔታ አቀርቅረው ይሰማሉ። ቤቱ ከጎደለ ያስቆሙታል፤ አገባቡ ከሳተ ያርሙታል፤ ሰሙ ከወርቁ አልገጥም ካለ ሂድና እንደገና ቁጠር ይሉታል። ቅኔው ከሞላ ግን ብዙም አይናገሩም፤ ዝም ብለው የሚቀጥለውን ተማሪ ይጠራሉ። ጀማሪ ይህን ዝምታ ቅያሜ ይመስለዋል። የቆየ ተማሪ ግን ከምስጋና ይቆጥረዋል።

የጉባኤው ትልቁ ሰዓት የዘረፋ ሰዓት ነው። መምህሩ በዚያው በተማሪዎቻቸው ፊት፣ አስቀድመው ሳያዘጋጁ፣ አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ። ተማሪው ሁሉ ቃሉ አየር ላይ እንዳለ ይሻማዋል፤ ፈጣኑ ይዞ ለዘገየው ይነግረዋል፤ ከዚያ ምሥጢሩን መፍታት፣ አገባቡን መመርመር ይመጣል። ሰሙ የቱ ነው፣ ወርቁ የት ተቀበረ፣ ኅብሩ በየትኛው ቃል ላይ ነው እየተባባሉ ይከራከራሉ። የዚያን ዕለት ቅኔ ያልሰማ ተማሪ ነገ አያገኘውም፤ ነገ ሌላ ቅኔ ይዘረፋልና።

ቀፈፋ

ይህ ሁሉ የሚሆነው በባዶ ሆድ አይደለም፤ ቢሆን ቢሆን በግማሽ ሆድ ነው። ተማሪው በሰዓቱ አኩፋዳውን ያነግትና ቀፈፋ ይወጣል። በየደጁ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል። መጀመሪያ የሚመልስለት ውሻው ነው። ቀጥሎ የቤቱ እመቤት የእንጀራ ቁራሽ፣ እፍኝ ጥሬ፣ ባቄላ ወይም ቆሎ ይዛ ትወጣለች። አንዳንዷ የምትሰጠው ስለሌላት እግዜር ይስጥልኝ ብላ ትሸኘዋለች። የተገኘው ቁራሽ በፀሐይ ደርቆ ኮቸሮ ይሆናል፤ ለዝናብና ለጾም ቀን ይቆያል። ለታመመው ጓደኛ ድርሻው ይወጣለታል።

የኛ ዘመን ሰው ቀፈፋን ልመና ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሥራውን ላየ ግን ቀፈፋ መንደሩ ለትምህርት ቤቱ የሚከፍለው ግብር ነው። ጽሑፍና ሰብሳቢ የለውም፤ ያላት ትሰጣለች፣ ያጣች ትመርቃለች። ተማሪው በበኩሉ ለሰጠችው ቤት የሚመልሰው አለ። በክርስትናው፣ በተዝካሩ፣ በማኅበሩ ቀን ይገኛል፤ ለሟቹ ይደግማል፤ ቅኔ ከሚያውቅ ጓደኛው ጋር ሆኖ የቤቱን ጌታ ስም አንስቶ ይቀኛል። በበጌምድር መንደር ግዕዝ የማይሰማ ገበሬ እንኳ የቅኔውን ምሥጢር ለማወቅ ምን አለ ብሎ ይጠይቃል፤ ተርጉሙልኝ ይላል፤ ከገባው ራሱን ይነቀንቃል።

ነሐሴ 13 ቀን፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ ሒሳቡ ይገለበጣል። ቡሄ በከተማ የልጆች ጭፈራና የጅራፍ ድምፅ ቢሆንም በአብነት ትምህርት ቤት ዋናው የተማሪ በዓል ነው። ተማሪዎቹ ቀደም ብለው እህሉን ይሰበስባሉ፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል። ዓመቱን ሙሉ ሲያበላ የኖረው ሰፈር በተማሪዎቹ ድግስ ተጋባዥ ይሆናል፤ ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሞ ቅኔ ሲሰጥ ያድራል። በዓሉን በስሟ በተሸከመችው ከተማ ይህ ቀን ድርብ ትርጉም አለው።

አንድ ጊዜ ተብሎ የሚያበቃ ግጥም

ተምሮ የተመረቀ ባለቅኔ ሥራው ምንድን ነው? በየበዓሉና በየሰንበቱ አዲስ ቅኔ ማቅረብ ነው። የደብሩ አገልጋይ ከሆነ በማኅሌቱ ተራው ሲደርስ ይሰጣል፤ ዜማ አዋቂው ተቀብሎ በልኩ ያዜመዋል። ቅኔው ያማረ እንደሆነ ከሊቃውንቱ መካከል ይበል የሚል ድምፅ ይነሳል። ትናንት ያለውን ዛሬ ቢደግም ግን ያፍራል፤ የሌላ ሰው ቅኔ የራሱ አድርጎ ቢያቀርብማ የቅኔ ሌባ ተብሎ ስሙ ከደብር ደብር ይዞራል።

ሕጉ ከባድ ነው። ባለቅኔው በዕድሜው በሺህ የሚቆጠር ቅኔ ይሠራና ከእነዚያ አብዛኞቹ ከጉባኤው ጋር ይበተናሉ። ጥቂቱን ተማሪ በቃሉ ይይዘዋል፤ ከጥቂቱም ጥቂት በብራና ይወርዳል። በኛው ዘመን መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ በ1963 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፈ ቅኔ የብዙ ሊቃውንትን ቃል አትርፏል፤ ግን ከባሕሩ በጭልፋ ነው። ሥርዓቱ ራሱ ያቆየው ከግጥሙ ይልቅ ገጣሚ ማፍራቱን ነው። ቅኔው ቢጠፋ ነገ የሚቆጥር አለ ብሎ ተማምኖ የኖረ ሥርዓት ነው።

ቅኔ ብቻውን ደግሞ አያበላም። ባለቅኔው ደብተራ በሳምንቱ ቀናት ሌላ ሥራ ነበረው። አንዱ የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ ብራና ያወጣል፤ በመቃ ብርዕ በጥቁርና በቀይ ቀለም ዳዊት ይጽፋል። አንዱ ልብስ ይሰፋል። አንዱ ክታብ ጽፎ፣ ሥር ምሶ፣ በገበያ ቀን የሚፈልገውን ሰው ይጠብቃል። መሬት ያለው ያርሳል ወይም ያሳርሳል። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የቅኔ ሰው ኑሮ ከራሱ አፍ መስማት የሚፈልግ አንባቢ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ቃል ቀድተው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፈ ትዝታ ያገላብጥ። የመንገዱ ርሃብ፣ የመምህራኑ ጠባይ፣ የጓደኝነቱ ጨዋታ እዚያ አለ።

የፎገራው አለቃ

የዚህ አገር ባለቅኔ በሕዝብ አፍ ምን መልክ እንዳለው ለማየት አለቃ ገብረ ሐናን ማንሳት ይበቃል። ትውልዳቸው በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ፣ ለይፋግ ጎረቤት በሆነው ሜዳ ነው። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ስማቸው ካልተጠራ ተረብ የተጀመረ አይመስልም። ሊቃውንቱ ዘንድ ግን ገብረ ሐና የቅኔ፣ የዜማና የመጻሕፍት ሰው ናቸው። በጎንደር በአታ አለቃ ሆነው ያገለገሉ፣ በኋላም በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የታወቁ ናቸው።

ቀልዱና ሊቅነቱ የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም። በየዕለቱ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሲያድን የሚውል አእምሮ በምሳ ሰዓትም አያርፍም፤ ከጌታው ጋር፣ ከሚስቱ ጋር፣ ከገበሬው ጋር ሲነጋገርም ኅብር ይፈልጋል። ባለቅኔ ድሃ ነው፤ የጌታ ፊት ያስፈልገዋል፤ ግን ጌታውን በቃል ሊወጋው ይችላል። ሕዝቡ ለገብረ ሐና የወደደላቸውም ይህንን ነው። የሚነገርላቸው ሁሉ የእሳቸው ላይሆን ይችላል። ለአንድ ደብተራ ይህን ያህል ቀልድ ማሸከሙ ግን ሕዝቡ ከባለቅኔ ምን እንደሚጠብቅ ይናገራል።

በአቋቋምም ገብረ ሐና ለአገሩ ያተረፉት አለ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የጣናን ማዕበልና የደንገሉን መወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ፤ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ጎንደር ባይቀበለው ደብረ ታቦር ተቀበለው። ዛሬ በመላ አገሪቱ የተክሌ አቋቋም የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ስልት በአንድ ሰው ይወጣል፤ የሚኖረው ግን የሚቀበለው ደብር ሲያገኝ ነው።

የይፋጉ ልጅ

ይፋግ ራሷ ያፈራችው ትልቁ የብዕር ሰው አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው። በ1853 ዓ.ም. በይፋግ አካባቢ በቀሮዳ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው በምንኩሉ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ነገር ግን በዚያ አልበቃቸውም፤ ወደ በጌምድር ተመልሰው የአገራቸውን ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ቀሰሙ። ከሁለቱ ትምህርት የተገኘው ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1889 በምንኩሉ የታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ነው። የቅኔ ተማሪ በጫካ በቃሉ ሲይዘው የኖረው ርባታና አገባብ በማተሚያ ፊደል ወጣ።

ዐፄ ምኒልክ አለቃ ታዬን እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ በርሊን ላኳቸው፤ በዚያም የኢትዮጵያን ቋንቋ አስተማሩ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. አሥመራ ታትሞ ለብዙ ዘመን ሲነበብ ኖሯል። ኑሯቸው ግን የተደላደለ አልነበረም። በሃይማኖት ተከሰሱ፣ ታሰሩ፣ ተንገላቱ፤ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። አለቃ ታዬ መንደርና ጉባኤ የነፈጉት ሊቅ ምሳሌ ናቸው። የአገራቸው ጉባኤ በሃይማኖት ስላልተቀበላቸው አንባቢያቸውን በማተሚያ ቤት ፈለጉት። ከእሳቸው በፊትም ደብተራ ዘነብ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የንጉሡን ታሪክ በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ጽፎ ነበር። የቤተ ክህነት ሰው በአማርኛ መጻፍ ከአዲስ አበባ በፊት በዚህ ደጋ ይታወቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መሬቱ ሲናጋ

ከቀፈፋው በላይ መምህሩን የሚያቆመው መሬት ነበር። ለደብሩ የተሰጠው መሬት ለካህኑ፣ ለደብተራው፣ ለመምህሩ ይከፈላል፤ እሱም በሰሞኑ ያገለግላል። መምህር በመሬቱ ሲጸና ተማሪ ይከበዋል፤ ተማሪ ሲከበው መንደሩ ያበላል። ስለዚህ የቅኔ ታሪክ ከመሬት ታሪክ አይነጠልም።

የመጀመሪያው ትልቅ ንውጽውጽታ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መጣ። ንጉሡ ሠራዊት ለማቋቋም መሬት ፈለጉ፤ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለገበሬው ይሰጥና ግብር ይክፈል አሉ። ደብተራው በዚያ ስሌት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ኅዳር 1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች፤ የአድባራቱ መጻሕፍት በደብረ ታቦር በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ከዚያ ውስጥ 350 የሚያህሉ ጥራዞች ለንደን ገቡ። ብራናው ተጋዘ፤ ቅኔው ግን በተማሪው ቃል ስለነበረ ሊጋዝ አልቻለም። በቃል መማር ያተረፈው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶች ጎንደር ገብተው አድባራቱን አቃጠሉ፤ ሊቃውንቱ ወደ ደጋው ተበተኑ። ወዲያው ክፉ ቀን ተከተለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ እርሻው ጾሙን አደረ። እመቤቲቱ ራሷ የምትበላው ሲያጣት በእንተ ስማ ለማርያም ለሚለው ምን ትሰጣለች? በሬ ሲያልቅ ቅኔ ቤትም ይዘጋል።

የመጨረሻው ለውጥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታወጀ። የገጠር መሬት አዋጅ ለጭሰኛው ነጻነት ነበር፤ ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። በዚያው አዋጅ ግን የደብሩ መሬት ስለሄደ መምህሩ ደሞዝ አልባ ሆነ። አንዳንዱ ተመልሶ ገበሬ ሆነ፤ አንዳንዱ ወደ ከተማ ደብር ገብቶ ለቀብርና ለፍትሐት አገልጋይ ሆነ። የቀረው በቀፈፋና በምእመናን መዋጮ ቆመ። ለጭሰኛው ፍትሕ ሲደረግ ለመምህሩ ምን ይደረግ የሚለውን ጥያቄ የመለሰው መንግሥት እስከ ዛሬ የለም።

ከቅጥሩ ውጭ

የአገሩ ግጥም በግዕዝ ብቻ አልተወሰነም። ከደብሩ ቅጥር ውጭ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከሠርግ ሠርግ፣ ከጠላ ቤት ጠላ ቤት ይዞራል። ሙሾ አውራጇ በለቅሶው መሐል ቆማ የሟቹን ዘር፣ ጀግንነትና ቸርነት በግጥም ትደረድራለች። ገበሬው በደቦ ላይ፣ ጎበዙ በፉከራና በቀረርቶ ይገጥማል። ደብተራው እነዚህን ከፍ ብሎ ቢያያቸውም ጆሮው ከእነሱ አልተለየም፤ እነሱም ከእሱ ኅብሩን ወስደዋል።

አዝማሪው ከተቀመጠው ሰው መካከል ግጥም ይቀበላል። አንዱ ተቀበል ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው በዜማው ይደግመዋል፤ ሌላው ደግሞ በስንኝ ይመልሳል። አድማጩ ራሱ ገጣሚ ነው። አዝማሪው እንጀራውን የሚያገኘው እንዲህ ዓይነት ሰው ባለበት ቤት ነው። ግጥም የማይገባው ሀብታም ብር ሊሰጠው ይችላል፤ ግጥም ግን አይሰጠውም።

ሴቶችን በተመለከተ የቅኔ ቤት በር ጠባብ ነበር፤ ለጥቂቶች ብቻ ተከፍቷል። ከዓባይ ማዶ በጎጃም የቅኔ መምህርቷ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ወንበር ዘርግተው ብዙ ወንዶችን አስተምረዋል። የእሳቸው ስም ዛሬ ድረስ እንደ ልዩ ነገር መጠራቱ የበሩን ጥበት ያሳያል። በየለቅሶው ቤት በአማርኛ ሲገጥሙ የኖሩት ሴቶች ግዕዙን ቢማሩት ኖሮ የቅኔ ታሪክ ምን ይመስል ነበር?

ዛሬስ?

ቻይናዎች የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ የድሮውን የእግር ጉዞ ወደ ሰዓታት አሳጥሮታል። የተማሪው ጉዞ ግን አቅጣጫ ቀየረ። ድሮ ወደ ቤተልሔምና ወደ ዙር አምባ ይወጣ የነበረው ልጅ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ ነው። የቅኔውን ጉባኤ ሳይጨርስ ቅዳሴ ተምሮ ከተማ ቢቀጠር ደሞዝ አለው። መምህሩ በገጠር ከቀረ ተማሪ ያንሰዋል፣ ከተማ ከገባ ጊዜ ያንሰዋል። በዚህ ላይ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ገባ፤ ከዚያ ወዲህም የክልሉ ሰላም ሲደፈርስ ቆይቷል። ወጣት ሆኖ በእግር ከአውራጃ አውራጃ መሻገር በሰላም ዘመን ከባድ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ማን ነህ የሚል ጥያቄ ተጨምሮበታል።

ይህ ዓይነቱ ፈተና የኛ ብቻ አይደለም። በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር የሚኖሩት ባስኮች ቤርቾላሪ የሚሏቸው በመድረክ ላይ ወዲያው ግጥም የሚፈጥሩ ሰዎች አሏቸው። ጥበቡ በገጠር መጠጥ ቤትና በገበያ ያደገ ነው፤ በአንድ ወቅት ሊጠፋም ተቃርቦ ነበር። ሕዝቡ በየመንደሩ የግጥም ትምህርት ቤት ከፈተ፣ መደበኛው ትምህርት ቤት ተቀበለው፣ በየአራት ዓመቱ ታላቅ ውድድር ተዘጋጀ። ዛሬ የፍጻሜውን ውድድር ለማየት ከዐሥር ሺህ በላይ ሰው አዳራሽ ይሞላል። ባስኮች በመጀመሪያ ያሳደጉት ግጥም ሲሰማ የሚገባው ሕዝብ ነው፤ ግጥሙንም ያተረፈው ያ ሕዝብ ነው።

እኛ ዘንድ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ቅኔን ቅርስ ብለን እናወድሳለን፤ በዓል ሲመጣ አንድ ሊቅ ከመድረክ አውጥተን ሁለት ደቂቃ እናስቀኛለን፤ አዳራሹ ሳይገባው ያጨበጭባል። የኔታ ይህን ጭብጨባ አያውቁትም። ቅኔው ሞልቶ ከሆነ ይበል የሚላቸው፣ ጎድሎ ከሆነ የሚያርማቸው ሰው ነው የሚፈልጉት።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይደረግ። የደቡብ ጎንደር የቅኔ መምህራን በተቀመጡበት ገጠር ቋሚ ደሞዝ ይቆረጥላቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ የአገሩ ተወላጆች ማኅበራትና በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች አብረው ቢሠሩ ከአቅማቸው በላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ በየጉባኤው የሚዘረፈው ቅኔ ከነትርጓሜው በድምፅ ይቀዳ፤ ዛሬ በተማሪው ኪስ ያለ ስልክ እንኳ ይበቃል። ሦስተኛውና ዋናው፣ በደብረ ታቦርና በአዲስ ዘመን ትምህርት ቤቶች ልጆች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ጉባኤ ቃናን መስማትና መፍታት ይማሩ። ሁሉም ባለቅኔ ባይሆኑም ይበል ማለት የሚችል ጆሮ ያገኛሉ። ባለቅኔው በመንደሩ እህል ኖሯል፤ የዛሬው መንደር እኛ ነን። የሚያበላውና የሚያዳምጠው ካጣ ቅኔ ቤቱን የሚዘጋው ጠላት ሳይሆን የኛ ቸልታ ይሆናል።